የእናቴ ዱዓ ለቀንዳሙ ሽማግሌ

እናቴ የአንድ ቀንዳም ሽማግሌ ዕድሜ እንዲረዝም ለወራት ዱዓ ስታደርግ ከርማለች። ሽማግሌው ሰው አይደለም፤ በጌም ውስጥ ያለ አውሬ ነው። ይህን ከመነሻው የምናገረው አንባቢ ስለ ቤታችን ሌላ ነገር እንዳያስብ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን አስቦ ነበር፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ማሽኑን ወደ ከሚሴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዐረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ ለአሠሪዬ ልጆች አዲስ ተገዛላቸውና አሮጌው የጌም ማሽን ከነጆይስቲኩ ከቆሻሻው ጋር ወጣ። ልውሰደው ብዬ ብጠይቃት ማዳም ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ከዐረብ አገር ወርቅ ይዛ የምትመለስ አለች፤ ብርድ ልብስና ሽቶ አንጠልጥላ የምትመለስም አለች። እኔ ልጆች እየተራገሙ በጥፊ ሲመቱት የኖሩትን ጥቁር ሳጥን ታቅፌ ገባሁ። እናቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ሰው ቤት ያውላል አልኳት። ለቀልድ ነበር። እሷ ግን ቃሉን ያዘችው።

እኛ ከተማ ውስጥ ጎረምሳ ቤት ማዋል ቀላል ሥራ አይደለም። ከሚሴ የመንገድ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው ሁሉ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላው ሲያልፍ እያየ ያደገ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን እሱም ማለፍ ያምረዋል። በቪዛ የሚሄደው ጥቂት ነው። የቀረው የባቲን መንገድ ይዞ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። እኛ ዘንድ «በባሕር ሄደ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወንድሜ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ስመለስ እዚያ ያየሁትን ሁሉ ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። እሱ የሰማው ነገር ቢኖር ያደረግኩት ጫማ ጥሩ መሆኑን ነው። ቀና ብሎ ከፊቴ በላይ ጫማዬን ነበር የሚያየው።

እናቴ በበኩሏ ምክር ሰጥታዋለች፤ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ትለው ነበር። እሱም እሺ ይላታል። እሺ ማለት ለእሱ ወሬውን መዝጊያ ነው።

እንግዲህ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ተረስቶ የቀረ አንድ ሲዲ ነበር። ከሚሴ ጌም ቤት ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ጌም ማለት ኳስ ነው። ወንድሜም ኳስ ጠብቆ ከፈተው። የመጣለት ሙሉ አገር ሆነ። አንድ ቡትቶ የለበሰ ሰው ከፈረሰ መቃብር ውስጥ ይነሳል፤ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ተራራው፣ ጫካው፣ ወንዙ፣ የፈራረሰው ግንብ ሁሉ እፊቱ ተዘርግቷል። የት ሂድ የሚለው የለም። ምን አድርግ የሚለው የለም። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ግማሹ እንቆቅልሽ ይነግረዋል፣ ግማሹ በጎራዴ ይቀበለዋል። ወንድሜ በሰፈር ልጅ ወግ የመጀመሪያውን ወታደር ሰላም ሊለው ጠጋ አለና አንገቱን ተቀላ። በቀይ ጽሑፍ መሞቱ ተነገረው። ከዚያ እዚያው መቃብር በራፍ ላይ ቡትቶውን ለብሶ ተነሳ።

ይህ ጌም ከሌላው የሚለየው በክፋቱ ነው። ስትሞት የሰበሰብከው ሀብት ሁሉ የወደቅክበት ቦታ ይቀራል። ተመልሰህ ሄደህ ታነሳዋለህ፤ እዚያ ሳትደርስ መንገድ ላይ እንደገና ከሞትክ ግን ጠፋ፣ አበቃ። እናቴ አንድ ቀን ሰፌድ ይዛ በበሩ ስታልፍ ቆማ አየችው። የሄደው ሰውዬ ሞተ፤ ተነሥቶ ንብረቱን ሊያነሳ ሄደ፤ ገደል ገባ፤ ባዶ እጁን ቀረ። «ይሄ ስደት ነው እንጂ ምን ጨዋታ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ ጌም ከዚያ የተሻለ አስተያየት እስካሁን አልሰማሁም።

ታዲያ ምኑ ነው የሚይዘው? እኔም ጠይቄዋለሁ። ዋና መንገዱ ዳር ጭማቂ ቤት አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ማንጎና ፓፓያ ስልጥ ውዬ ስመጣ እሱ ሶፋው ላይ በዚያ አውሬ እየተወቀጠ አገኘዋለሁ። ኳስ ቢጫወት እኮ ቢያንስ ያሸንፋል። እሱ ግን ሲሞት ይስቃል፤ ሲሞት ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጆይስቲክ በዘመኑ አልነበረም እንጂ ተጨምሮ ይተረት ነበር።

አንድ ቀን እሱ ከአጎታችን ጋር ፍየል ሊነግድ ሰንበቴ ገበያ ሲወርድ ማሽኑን ከፈትኩት። ልዋጋ ብዬ አይደለም። ፈረሱን አየሁት። ወንድሜ የሆነ ቦታ ላይ ፈረስ አግኝቶ ነበር፤ እኔ እሱን ጋልቤ በወንዙ ዳር ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ዝም ብዬ ሄድኩ። እዚያ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያየሁት ዐረብ አገር ቢኖር ልብስ የማሰጣበት ጣሪያ ነው። ከጣሪያው ማዶ ሌላ ጣሪያ ነበር። ፓስፖርቴ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቆሻሻ ለማውጣት ደረጃውን ስወርድ እንኳ የት ነሽ ተብዬ እጠራ ነበር። አሁን ከሚሴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ማንም ወረቀት ሳይጠይቀኝ ተራራ ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ አንድ ክንፋም ነገር ወርዶ በላኝ። አላናደደኝም። ቢያንስ ወጥቼ ነው የተበላሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ተያዝኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ ከቤት ሲወጣ ጭማቂ ቤቱን ለምትረዳኝ ልጅ ትቼ ወደ ቤት እመጣለሁ። እናቴ ምን ረስተሽ ነው ስትለኝ ቁልፍ እላለሁ። በዚያ ሰሞን እንደኔ ቁልፍ የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌውን ያገኘነው በመጨረሻ ነው። በተራራው አናት ላይ፣ ጣሪያው በፈረሰ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ እንደ በግ የተጠመዘዘ ቀንድ ያለው፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ግዙፍ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጋቢ የመሰለ ነጭ ነገር ተከናንቧል። በእጁ ረዥም ዘንግ ይዟል። በሩን አልፈህ ስትገባ ከሶላት እንደተቋረጠ ሰው ቅር እያለው፣ ቀስ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ይገድልሃል። እሱን የጣለ ጌሙን ጨረሰ። ወንድሜ መጀመሪያ ቀን ሲገጥመው እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ሽማግሌ ሰው ምን አድርጎት ነው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚነካው ብላ ተቆጣችው። ሽማግሌው ወንድሜን በዘንጉ ሲለጥፈው ግን የእጁን አገኘ የሚል ፊት አየሁባት።

የወንድሜ የልብ ጓደኛ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አጥራችን አንድ ነው፤ ሁለቱ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እየተሽሎኮሎኩ ነው ያደጉት። ያ ልጅ ለመሄድ ቆርጦ በሩ ላይ ሊጠራው ሲመጣ ወንድሜ ከሽማግሌው ጋር ተያይዞ ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ጓደኛው መኪናው ባቲ እንደሚጠብቅ፣ ደላላው አንድ ቦታ እንዳለው ነገረው። ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ ማያ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ይሄን ሽማግሌ ልጣለውና እከተልሃለሁ» አለው። ጓደኛው ሳቀ። «የወንድ ቃል?» አለው። «የወንድ ቃል» አለው ወንድሜ።

ልጁ በማግሥቱ ሄደ። ከዚያ በስልክ የድምፅ መልእክቱ መምጣት ጀመረ። ከበረሃው ይልካል፤ ከኋላው ንፋስ ይሰማል፤ የሚለው ያው ነው፤ ሽማግሌው ወደቀ ወይ? ወንድሜ ገና ነው ብሎ ይመልስለታል። የሰፈሩ ጎረምሳም ሰማ። ባጃጅ ነጂው ሁሉ ሲያልፍ ሽማግሌው ወደቀ ወይ ይለዋል። ቀልዱ ቀጠሮ ሆነ። ወንድሜ ሽማግሌውን በጣለ ማግሥት እንደሚሄድ ያላወቀ ቢኖር ሽማግሌው ራሱ ነው።

እናቴም ሰማች። ጭማቂ ቤት ድረስ መጥታ ከደንበኛ ፊት ጎትታ አወጣችኝና ያ ሰውዬ ጠንካራ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በጣም ጠንካራ ነው አልኳት። ብዙ ሰው ገድሏል? እንጃ፣ ዓለምን ሁሉ ገድሏል አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሱ» ብላው አታውቅም። «እሳቸው» ሆነ። ከገበያ ስትመለስ «እሳቸው ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ትለኛለች በለሆሳስ። ደህና ናቸው፣ ዛሬም ገድለውታል እላታለሁ። ፊቷ ይፈካል። ልጇ በሞተ ቁጥር ደስ የሚላት እናት ከእኛ ቤት በቀር የት እንደምትገኝ አላውቅም።

መብራት ሲጠፋ እናደርግ የነበረው እርግማን እንኳ ቀረ። መብራት የሌለበት ቀን ለእሳቸው የዕረፍት ቀን ነው።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች አንድ ቤት ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። ወዳጃ እንለዋለን፤ ጭንቅ ያለበት ሰው ጭንቁን ይናገራል፣ ሌላው አሚን ይላል። ተራው እኛ ቤት ሲደርስ እናቴ ጉዳዩን አቀረበች። ጌም ብትል እንደሚሳቅባት ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ሰው እንዳሉ፣ ልጇን ቤት ያዋሉላት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጣቸው በሉልኝ አለች። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ለዚያ ቀንዳም ነገር ሙሉ ቤት ሴት አሚን ሲል እኔ ዱዓ ላይ እንዳልስቅ ሻርፔን ነክሼ ነበር።

ጎረቤታችን ግን ሳቋን የማትነክስ ሴት ናት። ምላሷ ስለት ነው። ሴቶቹ ሲበተኑ እናቴን ጠጋ ብላ ሽማግሌው ሚስት አላቸው ወይ አለቻት። እናቴ ደንግጣ የላቸውም የሚል ነገር መለሰች። በሁለት ቀን ውስጥ እናቴ ልታገባ ነው ተባለ። ሌላው ደግሞ የለም፣ ሽማግሌው የመጡት ለልጅቱ ነው፣ ከዐረብ አገር ተመልሳ ዕድሜዋ እየሄደ ስለሆነ ሽማግሌም ቢሆን ምን ይደረግ አለ። የሚሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ ነው ነገሩ። ጭማቂ ሊጠጣ የሚመጣው ሁሉ እያየኝ ፈገግ ይላል። እኔም ምን ልበል? አግቢኝ ያለኝን ሽማግሌ በጎራዴ ልገድለው እየሞከርኩ ነው አይባልም።

ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ ድምፅ ቆመ።

የመጨረሻው ከባሕሩ ዳር የላከው ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ደላሎቹ ስልክ ቀምተውት ነው ተባለ። እስር ቤት ነው ተባለ፤ ተሻግሯል ግን የሚደውልበት የለውም ተባለ። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉም ተባለ። ጎረቤታችን ቀልድ አቆመች። ሐሙስ ስንሰበሰብ እሷ የልጄን ድምፅ አሰማኝ ትላለች፣ አሚን እንላለን። ቀጥላ እናቴ የሽማግሌውን ዕድሜ አርዝምልኝ ትላለች፣ አሚን እንላለን፤ ጎረቤታችንም አብራ አሚን ትላለች። ሁለቱን አሚን በአንድ ድምፅ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። ግን አንዱን ብቻ አሚን ማለትም አይሆንም።

ወንድሜ በዚያ ሰሞን አጨዋወቱ ተበላሸ። ከዚህ በፊት ሽማግሌውን እስከ ግማሽ ያዳክመው የነበረ ልጅ አሁን ጋሻውን ሳያነሳ ይገባል፣ መሀል አዳራሹ ላይ ይቆማል፣ ዘንጉ ወርዶ ይለጥፈዋል። ተነሥቶ ደግሞ ይሄዳል። ደግሞ ይሞታል። እኔ ሰለቸው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ዱዓው ሠራ አለች። ሁለታችንም ብልጥ ነበርን።

እኔ ግን በተቃራኒው እየበረታሁ ነበር። ሽማግሌውን ሲሸሹት እንደሚገድል፣ ሲጠጉት ግን እንደሚደነግጥ ደረስኩበት። ማዳምም እንዲሁ ነበረች፤ ያኔ ባውቀው ኖሮ። ዘንጉን በሁለት እጁ ሲያነሳ ወደ ኋላ መሮጥ ሞት ነው፤ ወደ እሱ፣ ወደ ግራ እግሩ መግባት ነው ያለብህ። አዎ፣ እኔ ከሽማግሌው ጋር ለምን እገጥም ነበር? ወንድሜ የሚሄደው እሱ ሲወድቅ መሆኑን እያወቅኩ? እንደማልጥለው እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ያ ሰውዬ ሲገድለኝ ያናድደኝ ነበር። ሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ ንዴቴን ሁሉ እዚያ አስቀምጬ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ተከትሎኝ መጥቷል ለካ።

እሑድ ነው። ወንድሜ ሰንበቴ ገበያ ወርዷል። እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች። እኔ ቁልፍ ረስቼ መጥቻለሁ። ገባሁ፤ ሽማግሌው እንደ ልማዱ ቅር እያለው ተነሳ። ዘንጉን አነሳ፣ ወደ ግራው ገባሁ። ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ ገባሁ። እጄ ራሱ እየሠራ እኔ የማየው ብቻ መሰለኝ። ከዚያ ሽማግሌው ድንገት ዘንጉን ለቀቀ፣ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ በግንባሩ ተደፋ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጣሪያው በፈረሰበት በኩል ብርሃን ገባ።

ከሶፋው ላይ ብድግ ብዬ እልል አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው። ከዐረብ አገር ስመለስ ሌሎች እልል አሉልኝ እንጂ እኔ ለራሴ እልል ብዬ አላውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ ለቀቅኩት፤ ሰፈሩን ሞላው።

እናቴ ጎመኑን እንደያዘች ገባች። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለች። ከዚያ ማያውን አየች። ሽማግሌው ወድቋል። ጎመኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ ራሷን ያዘች፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው በቀስታ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። ጆይስቲኩን ልጥለው አልኩ፣ እጄ አልለቅ አለኝ። መልሰን እናስነሳው ይሆን ብዬ ቁልፉን ሁሉ ስጫን በሩ ተበረገደ።

ጎረቤታችን ናት። አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። እልልታውን ሰምታ ነው የሮጠችው። ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ እኔን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኬን አየች።

«ደወለ?» አለች።

ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ይጠየቃል። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ግን ጆይስቲክ ይዞ አይጠየቅ። አልደወለም፣ ጌም ነው፣ ጌሙ አልቆ ነው አልኳት። ጌም የሚለውን ቃል ስናገር አፌ ውስጥ ድንጋይ የያዝኩ መሰለኝ። እሷ ወደ ማያው ዞረች።

«ልጆቹ ወደቀ ወይ የሚሉት፣ እኛም አሚን የምንልላቸው ሽማግሌ እኒህ ናቸው እንዴ?» አለች። ናቸው አልናት። ሞቱ ወይ አለች። ሞቱ አልናት። «አላህ ይዘንላቸው» አለችና እደፉ ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ዓመት ሙሉ ታስቅበት ነበር። ሻርፗን ወደ ራሷ መለሰች፣ ያልተጫማውን እግሯን በቀሚሷ ሸፈነች። ስትነሳ እናቴን ትከሻዋን ይዛ «ልጅሽን እሰሪው» አለቻት። ከዚያ በዝግታ ወደ ቤቷ ሄደች። የጎመኑን ቅጠል እኔ ነኝ ከወለሉ የለቀምኩት፤ እናቴ አልተንቀሳቀሰችም።

ወሬው ወንድሜን ከእኛ ቀድሞ ነው ያገኘው። እልልታውን ሰምቶ ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ለባጃጁ ነግሮት፣ ባጃጁ መናኸሪያው ላይ ወንድሜን ሲያገኘው እንኳን ደስ አለህ፣ መንገዱ ተከፈተልህ ብሎታል። መግሪብ ሳይደርስ ገባ። የፍየል ሽታ እንደያዘ፣ እግሩን ሳይታጠብ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ናት፤ ጥላዋ ይታያል። እኔ ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ስለ ጣልኩ እንዴት ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል?

እንዴት እንደ ጣልኩት ጠየቀኝ። ዘንጉን በሁለት እጁ ሲያነሳ ወደ ግራ እግሩ መግባት እንደሆነ ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከረመዳን በፊት ጀምሮ አውቃለሁ።»

ታዲያ ለምን አልጣልከውም አልኩት። ስልኩን አውጥቶ የጓደኛውን የመጨረሻ ድምፅ ከፈተልኝ። የባሕሩ ድምፅ አለ፤ የሌሎች ልጆች ሳቅ አለ፤ ከዚያ የእሱ ድምፅ፣ ሽማግሌው ወደቀ ወይ የሚለው። ወንድሜ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፋው።

«ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው» አለ። «ገና ነው ልለው ነበር። የጣልኩት ቀን ግን… እሱን መጠበቅ ያቆምኩ ነው የሚመስለኝ።»

እናቴ ከመጋረጃው ወጣች። እንደ እሷ ዙሪያ ጥምጥም የምትሄድ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ ጠየቀች። «ትሄዳለህ?» አለችው።

ወንድሜ ከልቡ የሆነ ነገር ሲነግራት በኦሮምኛ ነው። «አኒ ሂን ዴሙ» አላት። አልሄድም ማለቱ ነው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፈርቻለሁ፣ እትዬ» አለኝ። ይህን ቃል ሰፈራችን ውስጥ ከጎረምሳ አፍ ሰምቼ አላውቅም። መሄድን የሚፈራ ልጅ የለም፤ ሁሉም ሌላ ምክንያት አለው። የወንድሜ ምክንያት ቀንዳም ነበር፤ እኔ ገደልኩበት።

እናቴ የሻርፗን ጫፍ ጠቅልላ ትከሻው ላይ መታችው። ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ብለህ ነው ለቀንዳም ሰውዬ ዱዓ ስታስደርገኝ የከረምከው ብላ ጮኸችበት። ደግማ መታችው። ሦስተኛውን ልትመታ ስታነሳ እጇ እዚያው አንገቱ ላይ ቀረና አለቀሰች። እሱም አላስቆማትም። እኔም ጭማቂ ቤቱን መዝጋት እንዳለብኝ ረስቼ ቁጭ አልኩ፤ በዚያ ቀን በእውነት የረሳሁት እሱን ብቻ ነው።

ስትረጋጋ ዓይኗን ጠረገች። ማያው ላይ ሽማግሌው አሁንም እንደተደፋ ነው፤ ማንም አልዘጋውም። ትንሽ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። እሳቸው መነሳት አይችሉም ወይ አለችኝ። ከመጀመሪያው ከተጀመረ ይነሳሉ አልኳት፤ ግን ሁለተኛው ዙር ይከብዳል፤ ከበፊቱ በርትተው ነው የሚነሱት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ጀምሩታ።»

ወንድሜ ጀመረው። ቡትቶ የለበሰው ሰውዬ ከፈረሰው መቃብር ውስጥ ተነሳ፣ በሩን ከፈተ፣ የመጀመሪያው ወታደር ገደለው። እናቴ ይህን አይታ እፎይ ብላ ሶላቷን ልትሰግድ ሄደች።

ይህ ከሆነ ቆየ። ወንድሜ አሁን ከአጎታችን ጋር በደንብ ይነግዳል፤ ሰንበቴም ባቲም ይወርዳል፤ ባቲ ሲሄድ እናቴ እስኪመለስ ድረስ ምግብ አይወርድላትም፤ እሱ ግን ይመለሳል። ሲመሽ እየተቀባበልን እንጫወታለን። ሽማግሌው አዳራሽ ድረስ ደርሰናል። ገብተን እናያቸዋለን፣ ሲነሱ እናያለን፣ ዘንጋቸውን ሲያነሱ ወደ ግራ የሚገባ የለም። ይገድሉናል፣ እንወጣለን።

ጠዋት ጠዋት ጭማቂ ቤት ልከፍት ስወጣ ጎረቤታችን አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሰላም ተባብለን ስናበቃ ሽማግሌው እንዴት አደሩ ትለኛለች። ደህና ናቸው፣ አሉ እላታለሁ። ስለ ስልክ እሷም አትጠይቅም፣ እኔም አላነሳም።

«ዕድሜ ይስጣቸው» ትላለች።

አሚን እላለሁ። ከውስጥ ወንድሜም አሚን ሲል ይሰማል።